አቶ ካሣዬ የጠበቁት መጽሐፍ

አቶ ካሣዬ ዕቃ ይወዳሉ። የሚጠቀሙበትን አይደለም፤ የሚያስቀምጡትን ነው። አሰላ ባለው ቤታቸው ሶፋው ሲገዛ የነበረው ፕላስቲክ እስከ ዛሬ አልወለቀም፤ የተቀመጠበት እንግዳ በተነቃነቀ ቁጥር ሶፋው ይንኮሻኮሻል። ቴሌቪዥኑ የጥልፍ ጨርቅ ለብሷል፤ ዜና ሲጀምር ይገለጣል፣ ዜና ሲያልቅ ይሸፈናል። ብፌው ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች ለክቡር እንግዳ ተብለው የተገዙ ናቸው። ክቡር እንግዳው ግን ይኸው እስካሁን ብቅ አላለም። ባለቤታቸው ወይዘሮ ወለተ ማርያም በተሸረፈ ኩባያ ሻይ እየጠጡ ብርጭቆዎቹን በመስታወቱ ውስጥ ያያሉ።

መንግሥት አንዳንዴ ሰውን ከቦታው ያገናኛል፤ አቶ ካሣዬን የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ንብረት ያዥ አደረጋቸው። እዚያው ጎለመሱ፣ እዚያው ሸበቱ። አዲስ ጠመኔ የፈለገ መምህር የጨረሰውን ቁራጭ ይዞ መቅረብ አለበት። የእግር ኳሱ እንዳይቀደድ አየሩ ወጥቶ መደርደሪያ ላይ ተኝቷል። ልጆቹ የሚጫወቱት በካልሲ በተጠቀለለ ጨርቅ ነው። ከእሳቸው እጅ መርፌ ጠፍታ አታውቅም፤ ጡረታ ሲወጡም ሰው «ካሣዬ ሙሉ አስረክቦ ወጣ» እንዲልላቸው ነበር የኖሩት። ሌላ ምኞት አልነበራቸውም።

ከዕቃዎቻቸው ሁሉ አንደኛው «ባሕር የሄደችው ሳፋ» የሚባል የልጆች መጽሐፍ ነው። የቆየ መጽሐፍ ነው፤ ባለ ሥዕል። አንዲት ልጅ እናቷ ልብስ የምታጥብበት ሳፋ ውስጥ ትቀመጥና ግቢው ባሕር ይሆናል። መጽሐፉ የተገኘው ለትምህርት ቤቱ በስጦታ ከመጡት መጻሕፍት መካከል ሲሆን፣ በመጣ በሳምንቱ አንድ ተማሪ ጣቱን ምራቁ ውስጥ ነክሮ ሽፋኑን ሲነካ አቶ ካሣዬ በዓይናቸው በብረቱ አዩ። በዚያው ዕለት የብረት ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፉበት።

ከዚያ ወዲህ መጽሐፉ የሚወጣው እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነበር። የትምህርት ጥራት ሊጎበኙ የመጡ ኃላፊዎች መኪናቸውን ሲያቆሙ፣ አቶ ካሣዬ መጽሐፉን እንደ ታቦት በሁለት እጃቸው ይዘው ይወጣሉ፤ ልጅቱ ሳፋው ውስጥ ገብታ የልብስ መምቻውን እንደ መቅዘፊያ ያነሣችበት ገጽ ይገለጣል፤ ልጆች ይከቡታል፤ ፎቶ ይነሣል፤ ኃላፊው ስለ ንባብ ባህል ረዘም ያለ ንግግር ያደርጋሉ። መኪናው ከግቢ ሳይወጣ መጽሐፉ ይቆለፋል። «ከዚያ ልጅቷ ምን ሆነች?» ብሎ የሚጠይቅ ልጅ አይጠፋም። አቶ ካሣዬም «ክፍልህ ግባ!» ይላሉ። እሳቸውም አያውቁትማ!

ጡረታቸው ደረሰና ርክክብ ተጀመረ። ተረካቢው ቦና የሚባል ጨዋ ወጣት ነው። ሁሉም ዕቃ ልክ ሆነ፤ በመጨረሻ ቁም ሳጥኑ ተከፈተ። ቦና መጽሐፉን አነሣ፣ ያንን የፎቶውን ገጽ አየ፣ ፈገግ አለ። ከዚያም እዚያ ትምህርት ቤት ማንም አድርጎት የማያውቀውን ነገር አደረገ፤ ቀጣዩን ገጽ ገለጠ።

ገጽ የለም። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ብጥስጣሽ ወረቀት ነው፤ ከመሀሉም የአይጥ ጎጆ። ቁም ሳጥኑ ከኋላው ዝጎ ተበስቶ ኖሯል።

«አይዞዎት ጋሼ» አለ ቦና፤ «በአይጥ ተጎዳ ብለን እንጽፋለን፣ አለቀ።»

«ምን ማለትህ ነው! እተካዋለሁ» አሉ አቶ ካሣዬ።

በማግስቱ አሰላን አካለሏት። መጻሕፍት ሻጩ ስሙን ሲሰማ መነጽሩን አወለቀና «ያ ዓሣ! ጥርሱን የሚፍቀው ዓሣ!» ብሎ ሳቀ፤ መጽሐፉ ግን የለውም። የባጃጁ ሾፌር ዝናብ ከታች ወደ ላይ ስለሚዘንብበት አገር እያወራ መታጠፊያውን አለፈው። እሱም የለውም። የሁሉም ቅጂ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር አልቋል። አቶ ካሣዬ በገዛ መጽሐፋቸው ባይተዋር መሆናቸው አናደዳቸው። በመጨረሻ «ሳጉሬ፣ ሳልቫጅ ልብስ የምትሸጠው ሀሊሜ ዘንድ አለ» የሚል ተገኘ።

በገበያ ቀን ሚኒባስ ተሳፍረው ሳጉሬ ወረዱ። ሀሊሜ ከልብስ ክምሯ ኋላ ሆና «አከም ጅርቱ፣ ጋሼ! ካፖርት ነው?» አለቻቸው። የመጡበትን ሲነግሯት ከሥሯ ካለው ኬሻ ውስጥ መጽሐፉን አወጣች። አቶ ካሣዬ ሲያዩት ሰውነታቸው ሽምቅቅ አለ። ሽፋኑ በጥቁር ክር ተሰፍቷል፤ ሻይ ፈሶበታል፤ አንዱ ልጅ ለዓሣው ጢም ሠርቶለታል። ግን ገጹ ሙሉ ነው።

«የጠየቅሽኝን ልስጥሽ፣ ሽጪልኝ» አሉ።

«ልጆቼን ያሳደግሁበትን? አሁን ደግሞ የልጅ ልጆቼን እያሳደግሁበት?» አለች፤ ስቃ። «ወላሂ አልሸጥም። ይልቅ እዚህ አረፍ ይበሉና ያንብቡት።»

«ማንበብ እንኳ አልፈለግሁም፤ ለርክክብ ነው።»

ሀሊሜ ትክ ብላ አየቻቸው። «ለሌላ ነገር ኖሯል እንዴ መጽሐፍ የሚፈለገው?»

ሰው ካፖርት እየለካ ሲገፋቸው፣ አቶ ካሣዬ የልብስ ቦንዳ ላይ ተቀምጠው ማንበብ ጀመሩ። ጥርሱን የሚፍቀውን ዓሣ አገኙት። ወደ ላይ የሚዘንበውን ዝናብ አገኙትና ሳያስቡት ጮክ ብለው ሳቁ። መጨረሻው ላይ እናትየዋ ልብሷ ሳይታጠብ፣ ሳፋዋ ባሕር መሀል ሆኖ ታያለች። ትቆጣለች ብለው ጠበቁ፤ እሳቸው ቢሆኑ ይቆጡ ነበር። እናትየዋ ግን ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ውሃው ውስጥ ትገባና ልጇን «ጠጋ በይልኝ» ትላታለች።

አቶ ካሣዬ እዚያ ገጽ ላይ ቀሩ። ልጃቸው ሮሐ ትንሽ ሳለች የሳሎኑን ወንበሮች ደርድራ «አባዬ፣ አውቶቡስ ነው፣ ግባ!» ያለቻቸው ትዝ አላቸው። «ውረጂ፣ ትሰብሪዋለሽ!» ነበር ያሉት። ወንበሮቹ ዛሬም አዲስ ናቸው። ሮሐ ግን አድጋ፣ አግብታ ሄዳለች፤ ከዚያ ቀን በኋላም አውቶቡስ ሠርታ አታውቅም። ገበያ መሀል፣ ሰው እያያቸው፣ አለቀሱ። ሀሊሜ አንድ ያረጀ ሻርፕ አቀበለቻቸው።

ትምህርት ቤት ሲመለሱ ነገሩ ሁሉ ተስተካክሎ ጠበቃቸው። ርዕሰ መምህሯ ወይዘሮ ፈናን «የሕዝብን ንብረት በታማኝነት በመጠበቅ» የሚል የምስጋና ወረቀት በመስታወት አሠርተው ይዘዋል፤ ቦና ደግሞ ሰነዱን ሞልቶ ፊርማ ብቻ ቀርቶታል።

«መጽሐፉ በአይጥ ተበላ ብያለሁ፤ እርስዎን የሚነካ ነገር የለም» አለ ቦና። «ሙሉ ነው ያስረከቡት።»

ይህችን ቃል ለመስማት ነበር ዕድሜያቸውን የገፉት። ብዕሩን ያዙ፣ ሰነዱን አዩ፣ መልሰው አስቀመጡት።

«አይጥ የሚለውን ሰርዘው» አሉ። «ካሣዬ አጠፋው ብለህ ጻፍ።»

«ኧረ ጋሼ! አሁን እርስዎ ምን አጠፉ?» አሉ ወይዘሮ ፈናን ደንግጠው።

«ስንት ልጅ ‹ከዚያ ልጅቷ ምን ሆነች?› እያለ ጠይቆኝ አልፏል» አሉ አቶ ካሣዬ። «አይጧማ ምን አደረገች? ከእኔ እሷ ትሻላለች፤ እሷ እንኳ ገጹን ገልጣዋለች።»