ለባዩ የተጻፈ መከላከያ

ንፋስ መውጫ ፍርድ ቤት በር ላይ፣ ቆርቆሮ ጥላ ሥር ተቀምጦ ማመልከቻ የሚጽፈውን ደምሌን የማያውቅ ባለጉዳይ የለም። ሕግ አልተማረም፤ ግን ሃያ ዓመት የሰው ክስ ሲጽፍ ኖሮ አንዳንዱን ጠበቃ ያስንቃል። ደግ ሰው ነው፤ ምን ያደርጋል፣ ቅናት አለበት። ያውም የሚቀናው በአንድ ሰው ብቻ ነው፤ በሚኒባስ ሹፌሩ በባዩ። ደምሌ ለዳግማዊት ሽማግሌ ልኮ እምቢ ተባለ፤ ባዩ ላከና አገባት። ይኸው ዘጠኝ ዓመቱ፣ የሚኒባሱን ጥሩንባ በሰማ ቁጥር ሆዱ ይቃጠላል።

ባለፈው በሚካኤል ማኅበር ላይ አሳላፊው ደምሌ ነበር። ባዩ ሁለት ጽዋ ጠላ ጠጥቶ፣ መናኸሪያ ተሳፋሪ ይጠብቀኛል ብሎ ሊነሣ ሲል ደምሌ ማሰሮውን ይዞ ፊቱ ቆመ። ስለ ሚካኤል እያለ ሦስተኛውን፣ አራተኛውን፣ አምስተኛውን ቀዳለት። በመልአኩ ስም የተቀዳ እንዴት ይመለሳል? እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ደምሌ የፈለገው ዳግማዊት ባሏ ሲንገዳገድ እንድታየው ነበር። ባዩ ግን ወደ ቤቱ አልሄደም፤ መኪናውን አስነሣ። መናኸሪያ ሳይደርስ ቦይ ውስጥ ገባ። ደግነቱ ሰው አልተጎዳም፤ ባዩን ግን ፖሊስ ወሰደው።

በማግስቱ ዳግማዊት ምሳ ዕቃ ይዛ ደምሌ ዘንድ መጣች። መንጃ ፈቃዱ ከታገደ ቤታቸው ተዘጋ ማለት ነው። ደምሌም ያለውን መንገድ አስረዳት። መጀመሪያ የዋስትና መብት ይጠየቃል። ጠበቃ ማቆም ካቃተው ተከላካይ ይመደብልኝ ብሎ ማመልከት ይችላል። ከዚያ ወይ ክዶ መከራከር ነው፤ በትንፋሽ መመርመሪያ አልታየምና ዐቃቤ ሕግ መስከሩን ያስረዳ ማለት። ወይ አምኖ፣ የቀድሞ ጥፋት የለብኝም ብሎ ቅጣት ማቅለያ መጠየቅ። ታዲያ ባዩ ዝም የማለት መብቱን ትቶ፣ አልኮል አልቀመስኩም፣ አምስት ጽዋ ብቻ ነው የጠጣሁት ብሎ ለፖሊስ ቃሉን ሰጥቶ ፈርሟል። ጽዋ እንደ መጠጥ አይቆጠርም ብሎ እኮ ነው፣ የዋሁ! ክህደቱ እዚያው አከተመ።

እየተለመነ መጠጣቱን የሚመሰክር ቢገኝ ግን ይቀልለት ይሆናል፣ አላት ደምሌ፤ አፉ አመለጠው።

ዳግማዊት ምሳ ዕቃውን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«ማን እንደቀዳለት ነግሮኛል» አለችው። «በማኅበርተኛዬ ላይ ጣቴን አልቀስርም አለ። አንተ ዘንድ የላከኝም እሱ ነው፤ ከደምሌ የተሻለ የሚጽፍ የለም ብሎ።»

ደምሌ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ከእፍረቱ ይልቅ ግን ቅናቱ ባሰበት። ሚስቱ አንሳው ነው እግዜር ይህን ልብ ደግሞ ለሱ የሰጠው፣ አለ በሆዱ። የራሱን ስም ከጻፈ ማኅበሩ ሁሉ ይሰማል፤ ከእንግዲህ ጠላ ቅዳ የሚለው አይኖርም። ካልጻፈ ደግሞ ይህቺ ሴት ፊቱ ተቀምጣ እያየችው ነው። ብዕሩን አነሣና ጻፈ፦ «የመከላከያ ምስክር፣ አንደኛ፣ ደምሌ አወቀ። መኪና እንደሚነዳ እያወቀ፣ በመልአኩ ስም እየለመነ የቀዳለት።»

ዳግማዊት አነበበችው። አላመሰገነችውም፣ አልወቀሰችውም። የባዩ ምሳ እንዳይቀዘቅዝ ብላ ተነሣችና መንገዱን ተሻግራ ወደ ፖሊስ ጣቢያው ሄደች። ደምሌ በሩ ውስጥ እስክትገባ በዓይኑ ሸኛት። እኔ ብታሰር ምሳ የሚያመጣልኝ ማን ነው፣ ብሎ አሰበ፤ በታሰረ ሰው ቀና።