የእታለም ካፖርት

በእንዲህ ያለ ነገር አላምንም፤ ስለዚህ ያየሁትን ብቻ ልንገራችሁ። ታላቅ እህቴ እታለም፣ ነፍሷን ይማርና፣ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ አብረን ነበር የምንኖረው። አርባዋ እንደወጣ ልብሷን መስጠት ነበረብኝና ግራጫ ካፖርቷን ሲልቨር ስፕሪንግ ወዳለች አንዲት ትንሽ ቴአትር ቤት ወሰድኩ። ቴአትር ቤቷ ሞሂካን የሚባሉትን የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች፣ በተለይ ሴቶቹንና ቤተሰቦቹን ለመርዳት ልብስ ትሰበስባለች። "ከመላካችን በፊት መድረክ ላይ እንልበሰው?" ብለው ቴክስት አደረጉልኝ። እሺ አልኩ።

እሁድ ከሰዓት ቴአትሩን ላይ ሄጄ ፊት ተቀመጥኩ። አንዲት የሞሂካን ተዋናይ ካፖርቱን ለብሳ ገባች። የምትጫወተው ሥራ ፍለጋ የምትወጣ እናት ሆና ነው። በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች፤ ግራ ኪሷን ሁለቴ መታ መታ አድርጋ ወደ ኋላ ዞር አለች። እታለም ከቤት ስትወጣ ሁልጊዜ እንደዚሁ ነበረች። ሦስቴ ወጣች፤ ሦስቴም እንደዚያው።

ሲያልቅ ጠብቄ፣ "ኪስሽን እንድትነኪ ማን ነገረሽ?" አልኳት።

"ማንም። እንዲያውም ዳይሬክተሯ ተይው እያለች ትቆጣኛለች፤ ግን እጄ ራሱ ይሄዳል" አለች። ካፖርቱን አውልቃ ትንሽ አየችው። "ሌላ ልብስ ስለብስ እንደዚህ አልሆንም። ይሄን ስለብስ ግን የሆነ ነገር የጠፋኝ ይመስለኛል። እዚህ ኪስ ውስጥ ምን ነበር?"

ካፖርቱን ከመስጠቴ በፊት ከግራ ኪሱ ያወጣሁት የቤታችን ቁልፍ እጄ ውስጥ ነበር።