አባቴ «ተረት አላውቅም» ያለ ዕለት

ልጅ ሳለሁ አባቴ በመንደራችን አንደኛ ተረት ነጋሪ ነበር። ቤታችን ከጂንካ ከተማ የአንድ ሰዓት መንገድ ርቆ፣ እንሰት በከበበው ተዳፋት ላይ ነበር። ቀን ጎደሬና በቆሎ ሲኮተኩት የሚውለው ያ ዝምተኛ ሰው፣ ጀምበር ጠልቃ እሳቱ ዳር ሲቀመጥ ሌላ ሰው ይሆናል። እናቴ የቡና ቅጠል የፈላበትን ድስት ታወርድና በቅል ትቀዳለታለች፤ እሱም ሁለት ጊዜ ፉት ብሎ ቅሉን መሬት ላይ ያስቀምጣል። ያኔ ታናሽ ወንድሜ ታሪኩና እኔ ተረቱ ሊጀመር መሆኑን አውቀን፣ ጭሱ ዐይናችንን እያቃጠለንም ቢሆን ወደ እሳቱ እንጠጋለን።

የሚነግረን በቋንቋችን፣ በአሪኛ ነበር። አማርኛ የሚያውቀው ለገበያ ያህል ብቻ ነው፤ በአሪኛ ግን የዝንጀሮን ድምፅ ከጃርት ድምፅ፣ የጅብን ሳቅ ከጅብ ሚስት ሳቅ ለይቶ ያወጣ ነበር። ማሳ እንዲጠብቅ ስለተቀጠረው ዝንጀሮ የነገረን አይረሳኝም። ባለማሳው ማታ መጥቶ ጎደሬው ሁሉ ተምሶ ሲያገኘው «ማን በላው?» ብሎ ይጠይቃል። ዝንጀሮውም ሆዱን እያሻሸ «ኧረ ማንም ድርሽ አላለም፤ ቀኑን ሙሉ ብቻዬን ነበርኩ» ይላል። አባቴ ይቺን ሲናገር በፍሙ ብርሃን ፊቱን እንዲያ ያጨማድደው ስለነበር፣ ስንት ጊዜ የሰማችው እናቴ እንኳ አፏን በእጇ ሸፍና ትስቅ ነበር።

በደርግ መጀመሪያ ዓመታት ነው። ስምንት ዓመት ሲሞላኝ ጂንካ ትምህርት ቤት ገባሁ። ጠዋት ጠዋት ጤዛው እስከ ጉልበቴ እያራሰኝ ወርጄ፣ በከተማው መሃል ያለውን ሣር የለበሰ የአውሮፕላን ማረፊያ ከከብቶቹ ጋር አቋርጬ ለሰልፍ እሮጣለሁ። ትምህርት ቤቱ ደንብ ይበዛው ነበር። ሰልፍ ላይ ጥፍር ይታያል፤ ያረፈደ ከበር ይመለሳል፤ ክፍል ውስጥ ደግሞ ከአማርኛ በቀር ሌላ ቋንቋ መናገር አይቻልም። በሌላ ቋንቋ ያወራውን ልጅ የክፍል አለቃው ስሙን ይመዘግባል፤ የተመዘገበው ከትምህርት በኋላ ክፍሉን ይጠርጋል።

ሦስተኛ ክፍል ያስተማሩን እትዬ ዘነበች የሚባሉ፣ ከመሃል አገር የመጡ ቀጭን ሴት ነበሩ። አንድ ቀን የእንስሳት ሥዕል የተለጠፈበት ካርቶን ይዘው መጡና አንዱን በእንጨት እየነኩ «ይህ ምንድን ነው?» አሉ። ሳየው ጃርት ነው! ጃርትንማ ከእኔ በላይ ማን ያውቀዋል? የከተማው ነጋዴ ልጆች ዝም ሲሉ እኔ እጄን አውጥቼ፣ እስክጠራ እንኳ ሳልጠብቅ ጮክ ብዬ ተናገርኩ። ከአፌ የወጣው ግን አሪኛው ነበር። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እትዬ አልሳቁም፤ ይሁንና የክፍል አለቃው እርሳሱን አንስቶ ነበር። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ስጠርግ ልጆቹ በመስኮቱ አንገታቸውን እያስገቡ ያቺን ቃል ይደጋግሙብኝ ነበር፤ እኔም በደጋገሟት ቁጥር የአባቴ ድምፅ የተሰደበ ይመስለኝ ነበር። ያፈርኩት ግን በሰዳቢዎቹ አልነበረም፤ በአባቴ ነው።

ማታ አባቴ ቅሉን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«አባባ፣ ተረት ይቅርብን» አልኩት።

«ለምን?»

«እትዬ ከልክለዋል። ቤት ውስጥ ተረት የሚሰማ ልጅ አማርኛ አይገባውም ብለዋል።»

እትዬ እንዲህ ብለው አያውቁም። ከየት እንዳመጣሁት እኔም አላውቅም፤ ውሸቱ አንደበቴ ላይ ተዘጋጅቶ የቆየ ያህል ቀልጠፍ ብሎ ወጣ። አባቴ ፍሙን በእንጨት ጫፍ ነካካ። ከዚያ «አስተማሪዋ ካሉ እሺ» አለ። ታሪኩ አለቀሰ። አባቴ ግን ያን ዕለትም በማግስቱም አልጀመረም። ለልጁ ትምህርት ማድረግ የሚችለው ነገር ዝም ማለት ብቻ መሆኑን አምኖ፣ እኔ ደብተሬን ስገልጥ ሳሉን እንኳ አፍኖ ይቀመጥ ነበር። ታሪኩን ቀን ማሳ ይዞት እየሄደ፣ እኔ በማልሰማበት እዚያ ይነግረው እንደነበር ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉ እትዬ ዘነበች አዲስ ደንብ አወጡ። እያንዳንዳችን ማታ ማታ አንድ አንድ ገጽ ለወላጃችን ጮክ ብለን እንድናነብ፣ ያዳመጠንም ወላጅ ደብተራችን ላይ እንዲፈርም ነገሩን።

«አባቴ ማንበብ አይችልም» አለ ከፊት የተቀመጠ አንድ ልጅ።

«ማንበብ ባይችል መስማት ይችላል» አሉ። «ፊደል ያልቆጠረ አውራ ጣቱን ቀለም ቀብቶ ያትምልኝ። ደግሞ እናታችሁ ወይም አባታችሁ ተረት የሚያውቁ ከሆነ አስነግሯቸው፤ በሚችሉት ቋንቋ ይሁን። ክፍል ሌላ፣ ቤት ሌላ።»

ያን ዕለት ቤት ገብቼ «አባባ፣ ተፈቀደ» ብል ኖሮ ነገሩ ሁሉ ይቃና ነበር፤ ውሸቴንም ማንም አያውቅብኝም ነበር። አሁን ሳስበው ቀላል ነው። ያኔ ግን ያን አፍ ከፍቶ መናገር ተራራ ሆነብኝ፤ እንዲያውም ቤቱ ዝም ማለቱ ሳይመቸኝ አልቀረም። ከእንሰቱ ሥር ተቀምጬ የእስክሪብቶዬን ቀለም አውራ ጣቴ ላይ አሽቼ፣ ራሴ አነበብኩ፣ ራሴ ሰማሁ፣ ራሴ አተምኩ። በየቀኑ እንደዚያ አደረግሁ።

ከዚያ የወላጆች ቀን መጣ። እቤት ለማንም አልተናገርኩም። ይሁን እንጂ ጎረቤታችን የጳውሎስ አባት፣ ልጁ ከእኔ ጋር ስለሚማር፣ ቅዳሜ ገበያ ላይ ለአባቴ ነግሮት ኖሯል። በቀኑ ጠዋት በክፍላችን መስኮት ስመለከት አባቴ ለቤተ ክርስቲያን ብቻ የሚለብሰውን ኮት ለብሶ፣ ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ የአውሮፕላን ሜዳውን ሲያቋርጥ አየሁት። በሩ ጋ ሲደርስ እግሩን በሣር ጠርጎ ጫማውን አደረገ።

ወላጆቹ በእኛ ዴስክ ላይ ጉልበታቸው ደረታቸውን ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው ተጣጥፈው ተቀመጡ። እትዬ የክፍሉን ደንብ አንድ በአንድ ካስረዱ በኋላ ፈገግ ብለው፣ «ዛሬ ግን አማርኛ ብቻ የሚለውን ትተነዋል። ተረት የሚያውቅ ወላጅ በቋንቋው ይንገረን፣ ልጁ ይተረጉምልናል» አሉ።

የጳውሎስ አባት ከመቀመጫው ዘሎ ተነሳ። «የማርታ አባት አለ እኮ! እንደሱ የሚያወራ አገር ውስጥ የለም!»

ሁሉም ዞሩ። አባቴ ቀስ ብሎ ቆመ። ፊቱ ላይ መጀመሪያ ግራ መጋባት አየሁ፤ ተረት የከለከሉት አስተማሪ ተረት ይለምናሉ! ከዚያ ዐይኑ ፈልጎ አገኘኝ። እኔም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ራሴን ነቀነቅሁ። በጣም ትንሽ፣ እሱ ብቻ እንዲያየው አድርጌ፣ እንዳትናገር አልኩት።

እትዬ ነገሩ ዓይን አፋርነት መስሏቸው ሊያበረታቱት ደብተሬን አነሱ። «የማርታ አባት፣ እርስዎ እኮ ጎበዝ ወላጅ ነዎት። አንድ ቀን እንኳ ሳያዳምጧት አላደሩም። ይኸው ጣትዎ።» ገጹን ወደ እሱ አዞሩት። ሰማያዊዎቹ አሻራዎች ተደርድረዋል፤ እያንዳንዳቸው የባቄላ ፍሬ ያህላሉ። አባቴ አያቸው። ዴስኩን የያዘው አውራ ጣቱ ሰፊ፣ በቁፋሮ የተሰነጣጠቀ ነበር። እትዬም እሱን ተከትለው ጣቱን አዩ፤ ፈገግታቸው ቀስ እያለ ጠፋ።

«የርስዎ... ነው አይደል?»

«አዎ፣ የኔ ነው» አለ አባቴ። ቀጥሎም በዚያ ለገበያ ብቻ በሚያውላት አማርኛው፣ «ተረት ግን እኔ አላውቅም» አለና ተቀመጠ።

«ምን ነካው ይሄ ሰው!» ብሎ የጳውሎስ አባት ሳቀ። እትዬ ደብተሬን ዘግተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ያን ዕለትም ከዚያም በኋላ ስለ አሻራው አንዲት ቃል አልተናገሩኝም።

ስንመለስ አባቴ ከበሩ ወጥቶ ጫማውን አወለቀ። ቁጣውን እየጠበቅሁ ከኋላው ተከተልኩት። ከከተማው ወጥተን ወንዙን እስክንሻገር ከፊቴ ከፊቴ ሄደ። ከዚያ ቆም አለ።

«ማርታ።»

«አቤት።»

«ጣቴን ብትጠይቂኝ እከለክልሽ ነበር?»

አለቀስኩ። እሱም ቦርሳዬን ተቀብሎኝ ዳገቱን ወጣን።

ከዚያ ምሽት ጀምሮ አባቴ በየቀኑ አዳመጠኝ። በኩራዙ ብርሃን ሳነብለት፣ ግማሹ ባይገባውም፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንደሚቀመጠው ቀጥ ብሎ ይሰማኛል። ስጨርስ ጣቱን ዘርግቶ ቀለሙን እስክቀባው ይጠብቃል። ውጤቴ ተሻሻለ፤ አራተኛ ክፍል ስገባ ከአንደኞቹ ተርታ ነበርኩ። ተረቱ ግን አልተመለሰም። እኔ እሱ እስኪጀምር ጠበቅሁ። እሱ ምናልባት እኔ እስክጠይቀው ይጠብቅ ነበር።

ሁለተኛ ደረጃን ርቄ ተማርኩ፤ ከዚያ አስተማሪ ሆኜ ሃና በምትባል ትንሽ ከተማ ተመደብኩ። ደርግ ሊወድቅ ሲል በአንድ ዕረፍት ቤት ስመጣ አባቴ አርጅቶ፣ ዐይኑ ደክሞ ነበር። ታሪኩ አግብቶ ሦስት ልጆች ወልዶ ነበርና ማታ እሳቱ ዳር አያታቸውን ከበቡት። አባቴም ጎጆዋ ከገባ አንበሳ ጋር ስለተከራከረች አንዲት አሮጊት መንገር ጀመረ። ድምፁ ያው ነው። እኔ ግን ከአማርኛ በቀር ሳልናገር ብዙ ዓመት ኖሬ ነበርና፣ የአሮጊቷ አነጋገር በማላውቃቸው የድሮ ቃላት የተሞላ ሆነብኝ። ልጆቹ አንድ ላይ በሳቅ ፈነዱ። እናቴም ሳቀች። እኔ ዘግይቼ ሳቅሁ።

ትምህርት የጀመረችዋን ትልቋን ልጅ ጎንተል አድርጌ «ምን አለችው?» አልኳት በጆሮዋ።

በአማርኛ ልትነግረኝ ጀመረች፤ አቋረጠች፤ እንደገና ሞከረች። በመጨረሻ ትከሻዋን ሰብቃ «በአማርኛ አያስቅም» አለችኝና ወደ አያቷ ዞረች።

አባቴ በተከታዩ ክረምት አረፈ። ከዚያ ወዲህ በወላጆች ቀን «እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ ልጄን በምን ልርዳ?» እያሉ በር ላይ የሚቆሙ ስንት እናትና አባት አጋጥመውኛል። ገብታችሁ ተቀመጡ፣ ስታነብ ስሟት፣ የምታውቁትን በቋንቋችሁ ንገሯት እላቸዋለሁ። እነሱም የምራቸውን ያመሰግኑኛል፤ እኔም ምስጋናቸውን መሬት መሬት እያየሁ እቀበላለሁ። ከዚያ የወላጆች ቀን በኋላ ከአባቴ ጋር እዚያ እሳት ዳር ያመሸሁባቸው ምሽቶች ብዙ ነበሩ። በአንዱም «አባባ፣ ያኔ ዋሽቼህ ነው፤ እስቲ ንገረኝ» አላልኩትም። ይህን ለማለት የሚበቃ አሪኛ ደግሞ ያኔ ነበረኝ።