ባንዲራው የት ድረስ ይወርዳል

የወሰዱኝ ከስፖርት ሜዳ ነው፤ ፊሽካዬ አንገቴ ላይ እንደተንጠለጠለ። ከጌዶ አምቦ አውርደው እስር ቤት አስገቡኝ። የክፍሉ በር ሲከፈት የላብና የእርጥብ ብርድ ልብስ ሽታ ተቀበለኝ። አሥራ አንድ ሰው ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። በሩ አጠገብ የነበሩ ሽማግሌ እግራቸውን ሰብስበው ቦታ ሰጡኝ።

«ምን አድርገህ ነው፣ ያ ባርሲሳ?» አሉኝ። መምህር መሆኔን ከፊሽካው አውቀው ነው።

«ባንዲራ ዝቅ አስደርጌ።»

ተማሪዎች በየከተማው ሰልፍ የሚወጡበት፣ ሰው ጎረቤቱን የሚጠረጥርበት ዓመት ነበር። እኔ ሆዬ በወላጆች በዓል ሰልፍ አሳምሬ ልታይ ፈለግሁ። የትምህርት ቤታችን ዘበኛ በወጣትነታቸው የንጉሡ የክብር ዘብ ባንዲራ ያዥ ነበሩ። ለንጉሥ ሰላምታ ሲሰጥ ባንዲራ እንዴት እንደሚወርድ በመጥረጊያ እንጨት አሳዩኝ። «ለንጉሥ ብቻ ነው ታዲያ!» ብለውኝም ነበር። ንጉሥ ከየት ላምጣ? ከዞን ለመጣው የክብር እንግዳ አደረግሁት። ባንዲራ ያዧ ተማሪ ፊቱ ስትደርስ ጫፉን መሬት አስነካች። የሰውየው ፊት ጠቆረ፤ ክብር መስጠቴን ንቀት አድርጎ ወሰደው።

ሽማግሌው ቀና አሉ። የጎጆ ከተማ ሰው ናቸው፤ በንጉሡ ጊዜ እግረኛ ወታደር ነበሩ።

«መሬት ነካ? እኛ እግረኞቹ አግድም ላይ ነው የምናቆመው። መሬት የሚያስነኩት የቤተ መንግሥቱ የክብር ዘቦች ናቸው። ጌዶ ውስጥ ከነሱ ስንት ሰው ቀርቷል?»

«አንድ።»

ያ አንዱ ዘበኛችን ናቸው፤ አወራረዱን ያየ በቀጥታ እሳቸው ጋ ይደርሳል።

በማግስቱ ጠዋት መርማሪው የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማን አስተማረህ? «ከሰዓት በእንጨት ታሳየኛለህ። ሥርዓቱን የሚያውቅ የድሮ ወታደር አስመጣለሁ» አለኝ። ዘበኛችን ጋሼ እንዳስተማሩኝ ካሳየሁ ስማቸውን እንደመጥራት ነው። ጋሼ ደግሞ ልባቸው ደካማ ነው፤ ዳገት ሲወጡ ሦስቴ ይቆማሉ። እዚያ ክፍል ውስጥ ሳምንት አይቆዩም።

ሽማግሌው የክፍሉን መጥረጊያ አንሥተው ሰጡኝ።

«ሂን ሶዳቲን፣ አትፍራ። እንጨቱ ከትከሻህ እኩል ሲሆን አቁም። የእግረኛ ጡረተኛ ከጎጆ እስከ ጌዶ ሞልቷል፤ ሁሉንም አያስሩም።»

ደጋግሜ ሞከርኩ። ክንዴ የለመደውን ፈልጎ ወደ መሬት ይሄድብኛል። «አይ! ገደልካቸው!» ይሉኛል በሹክሹክታ። እስረኛው ሁሉ ክንዴን ያያል። በሩ በተንኳኳ ቁጥር መጥረጊያውን ጥግ አስደግፈዋለሁ።

ከሰዓት ጠሩኝ። የድሮው ወታደር ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። እንጨቱን ያዝኩ፣ አወረድኩ፤ ትከሻዬ ጋ ሲደርስ አቆምኩት።

«የእግረኛ ነው» አለ ወታደሩ።

«መሬት የነካውስ?» አለ መርማሪው።

«እንጨቱን ያስረዘምኩት እኔ ነኝ። ከብዷት ነው፤ ልጅቷ ጥፋት የለባትም።»

«ማን አስተማረህ ነው ያልኩህ!»

«ማንም። ጥፋቱ የራሴ ነው።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ጀርባዬ ያውቀዋል።

ከሁለት ወር በኋላ ያለ ክስ ፈቱኝ። መጀመሪያ የሄድኩት ጋሼ ቤት ነው። አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ሁሉን አስወሩኝ።

«አግድም ነው ያሳየሃቸው?» አሉ በድንጋጤ። «እንደዚያ ነው ያስተማርኩህ? ምነው እንዲህ ታሳፍረኛለህ!»

ምክንያቱን ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ጠባያቸውን አውቃለሁ፤ ቢሰሙ በነጋታው ካፖርታቸውን ለብሰው አምቦ ወርደው «ያስተማርኩት እኔ ነኝ» የሚሉ ሰው ናቸው።

«ረስቼው ነው ጋሼ» አልኩ።

«ድሮም ልብህ ኳሱ ላይ ነበር» ብለው ፊታቸውን አዞሩብኝ።

ዛሬም አስተምራለሁ። ጠዋት ባንዲራ ሲሰቀል እጄን ኪሴ ውስጥ እከታለሁ፤ ተማሪዎቼ ብርዱ ነው ይላሉ። ጋሼ ካረፉ ሦስት ዓመት አለፋቸው። በገዛ አልጋቸው፣ ልጆቻቸው ከበዋቸው ነው ያረፉት። እስከ መጨረሻው ለመጣው ሁሉ ያን ቀላል ሥርዓት መያዝ ያቃተኝ ሰነፍ መሆኔን ይነግሩት ነበር። እኔም አጠገባቸው ተቀምጬ እሰማ ነበር።