ቁልቁለት ላይ ያልደነገጡት ሽማግሌ

ከቢቸና ሞጣ ድረስ የሄድኩት ለክሊኒካችን የበሽተኛ አልጋ የሚገፋ ባለባትሪ ማሽን ልመርጥ ነበር። ሻጩ አንድ የግል ክሊኒክ ኮሪደር ላይ ነጭ ጋውን ለብሶ ጠበቀኝ። ማሽን ለመሸጥ ጋውን ምን ያደርጋል? ገና ሳየው አላመንኩትም።

«ሰው ካልተኛበት አልገዛም» አልኩት።

ሻጩ ዞር ብሎ አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጡ ሽማግሌ አየና «አባቴ፣ እዚህ አልጋ ላይ ይተኙ» አላቸው። ሰውዬው ለምን እንኳ ሳይሉ ጋቢያቸውን ሰብስበው ተኙ። ይሄኔ አስቀድመው የተመካከሩ መስሎኝ ጥርጣሬዬ ባሰ።

ማሽኑ አልጋውን እየገፋ የኮሪደሩ ቁልቁለት ላይ ሲደርስ ሻጩ በድንገት አቆመው። አልጋው ፍንክች አላለም። ሌላ ሰው ቢሆን ብረቱን ጨብጦ ማርያምን ይጣራ ነበር፤ እሳቸው ግን ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ለምደውታል ማለት ነው!

«ድገመው» አልኩ። ደገመው። አሁንም አስደገምኩት። ሽማግሌው ወይ ፍንክች!

ሻጩ ስልክ ሊያነሳ ፈቀቅ ሲል ጎንበስ አልኩና «አባቴ፣ እውነቱን ይንገሩኝ፤ ምን ሰጥቶዎት ነው?» አልኳቸው።

ዓይናቸውን ገለጡ።

«ምን ይሰጠኛል? ራጅ ለመነሳት ተራ ስጠብቅ ተኛ አላችሁኝ፣ ተኛሁ። በራጅ ክፍሉ በር ስንት ጊዜ ታሳልፉኛላችሁ? ኧረ አሁንስ አስገቡኝ!»