ለወላድ መኪና ፍለጋ ወደ ደብረ ታቦር

ማክሰኞ ማለዳ ከይፋግ በላይ ካለችው ቀበሌያችን ወርደን አስፋልት ላይ ቆምን፤ እኔና አያ ደሴ። አያ ደሴ የበሽተኛ አመላላሽ ማኅበራችን ሰብሳቢ ናቸው፤ ጨዋታ አዋቂ ገበሬ። እኔ የመጀመሪያ እርዳታ ስልጠና ከወሰድነው በጎ ፈቃደኞች አንዷ ነኝ። ሰው ፊት መናገር ስለሚያስፈራኝ “አንቺ ወረቀቱን ያዢ፣ ወሬውን ለእኔ ተዪው” ብለውኝ ነው የወጣነው።

የምንሄደው ደብረ ታቦር ቢሮ ወዳለው አንድ እርዳታ ሰጪ ድርጅት ነው። በሽተኛና ወላድ የምናመላልስባት አሮጌ ባጃጅ ሞተሯ ከነደደ ወዲህ ሰው የምናወርደው በወሳንሳ፣ በትከሻችን ተሸክመን ነው። ድርጅቱ እንደኛ ላሉ ማኅበራት በሽተኛ አስተኝቶ የሚወስድ ባለ ሦስት እግር ሞተር እንደሚሰጥ ሰምተን አመልክተን ነበርና “ኑና አስረዱ” አሉን። እህቴ ዘነቡ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ እናታችን ቤት መጥታለች፤ ወሯም ገብቷል። ክረምት ነው፤ ቁልቁለቱ ጭቃ ነው። ለማኅበሩ ብዬ ብሄድም ልቤ እሷ ዘንድ ነበር።

ከይፋግ ወረታ

ወረታ ልንገባ ስንል ትራፊክ ፖሊስ ሚኒባሳችንን አስቆመው። ሾፌሩ ከወንበሩ በላይ ሰው አጭቆ ስለነበር “ትርፍ ጭነሃል” ተብሎ ተቀጣ። አያ ደሴ አዘኑለት።

“ሰው መንገድ ዳር ቆሞ እየለመነው ጥሎ ይለፍ እንዴ?” አሉ።

ወረታ ላይ ሻይ በፓስቲ ቀመስንና የደብረ ታቦርን መኪና ያዝን። የፎገራ ሩዝ ውኃ ውስጥ ቆሞ አረንጓዴ ሆኗል። ዓለም በርን አልፈን ዳገቱን ስንያያዘው ሩዙ ቀረ፤ ባሕር ዛፍና የገብስ ማሳ መጣ። ጉና ራሱን በደመና ሸፍኗል። ብርዱ ሲጠናብን አያ ደሴ ጋቢያቸውን ግማሹን ለእኔ ደረቡልኝ።

ደብረ ታቦር

ከመናኸሪያ በባጃጅ ቢሮው ደረስን። የተቀበለን ባለሙያ ከደቡብ የመጣ ትሑት ወጣት ነው። አያ ደሴን ተነሥቶ አስቀመጣቸውና እየጻፈ ይጠይቃቸው ጀመር።

“አባቴ፣ ማኅበራችሁ ለትርፍ ያልተቋቋመ ነው አይደል?”

“ልጄ፣ እኛ አንዋሽም፤ ትርፍማ አለን! አንድም ቀን ያለ ትርፍ ሄደን አናውቅም።”

እስክሪብቶው ቆመ። “ትርፉን ታዲያ ምን ታደርጉታላችሁ?”

“ጭናችን ላይ እናስቀምጠዋለን።”

“ጭናችሁ ላይ?”

“ሲበዛ ደግሞ ከኋላ ይንጠለጠላል።”

ወጣቱ ፋይላችንን ዘጋው። “ይቅርታ አባቴ፤ ትርፍ ላለው ማኅበር እኛ አንሰጥም።”

አያ ደሴ ግራ ገብቷቸው እኔን አዩኝ። ዘነቡ በወሳንሳ ላይ ሆና ያንን ጭቃ ስትወርድ ታየችኝ።

“ወንድሜ፣ እሳቸው ትርፍ ያሉት… ሰው ነው” አልሁት።

“ምን?”

“ትርፍ ሰው። የወላዷ እናት፣ አማቷ፣ አክስቷ፣ ባጃጇ ላይ የሚጫኑት። ገንዘብማ ከበሽተኛ ተቀብለን አናውቅም፤ ነዳጁንም የምናዋጣው እኛው ነን።”

ወጣቱ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። አያ ደሴ ነገሩ ሲገባቸው “ታዲያ የምን ትርፍ እንደሆነ ለይተህ አትጠይቅም!” ብለው ተቆጡት።

እሱ ግን ሳቁን ሲጨርስ ፊቱ ተለወጠ። ወላዷ እግሯን ዘርግታ በምትተኛበት ቦታ ያ ሁሉ ሰው ከታጨቀ እሷም ሕፃኑም ይጎዳሉ አለን። “አስታማሚ አንድ ብቻ። መንደሩ በዚህ ከተስማማ ሞተሩን ትወስዳላችሁ። ካልተስማማ ለሌላ ማኅበር እንሰጣለን።”

“ያገራችንን ሴቶች አታውቃቸውም” አሉ አያ ደሴ። “እናትን ከልጇ ምጥ ማን ያስቀራታል? እኔ ይህን ተናግሬ እዚያ አገር አልኖርም።”

“እኔ እነግራቸዋለሁ” አልሁ። ማን እንደተናገረ ለማየት ዞር ልል ምንም አልቀረኝ።

ወደ ቤት

ምሳችንን ሽሮ በልተን ተመለስን። አያ ደሴ መንገዱን ሁሉ ሲቀልዱብኝ መጡ። “አፍ የላትም ብዬ ይዤሽ ብመጣ፣ ለካ ለቢሮ ነው ያስቀመጥሽው!”

ቤት ስደርስ እናቴ በር ላይ ጠበቀችኝ። “ሰጡን?”

ያስቀመጡትን ውል ነገርኋት።

“ከዘነቡ ጋር ማን ይሄዳል ታዲያ?”

“ራሷ የመረጠቻት።”

“አማቷን ብትመርጥስ?”

“ትኮርፊያለሽ።”

“እኮርፋለሁ እንጂ!” አለች። ወደ ውስጥ ዞራ ዘነቡን አየቻትና “ኩርፊያ ሰው አይገድልም። መኪናው ይምጣ” አለች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መንደሩ ተሰብስቦ ተነሥቼ ተናገርሁ። ድምፄ አልወጣ ቢል ሴቶቹ “አልሰማንም!” እያሉ ጮኹብኝ። ይኼኔ እናቴ ብድግ ብላ የእኔኑ ቃል ደገመችላቸው። “እኔ ለልጄ ምጥ ከቀረሁ፣ አልቀርም የምትል ማን ናት?” አለቻቸው። አጉረመረሙ፤ ተስማሙ። አያ ደሴ እዚያው ስልክ ደወሉ፤ ሞተሩ በመጪው ሳምንት ይመጣል ተባልን።

እርዳታ ማግኘት የቢሮ ሰው ማሳመን ብቻ ይመስለኝ ነበር። ከዚያ ይልቅ የከበደው የገዛ ቤታችን ሰው “እኔ ልቅር” እንዲል መለመን ነው።

ዘነቡ ማንን እንደምትመርጥ እስካሁን አልተናገረችም። እናቴ እርጎውን ለእሷ ብቻ ታስቀምጣለች። አማቷም ትናንት ከማዶ ማር ልካለች።