ከሺንሺቾ የተደወለው ስልክ

ባለፈው ቅዳሜ ሆሳዕና ላይ ከባድ ዝናብ ጣለ። የስቱዲዮው ቆርቆሮ እየተደበደበ ሳለ አንዲት አድማጭ ስለ ውርስ ልትጠይቀኝ ጀምራ መስመሩ ተቋረጠ። መልሳ ትደውላለች ብዬ ፕሮግራሙ እስኪያልቅ ጠበቅኳት፤ አልደወለችም። ቤት ከገባሁም በኋላ ስልኬን ከእጄ ማስቀመጥ አቃተኝ። ልጆቼ "እማዬ፣ ደግሞ ዛሬ ምን ሆንሽ?" ይሉኛል። የውርስ ጥያቄ በመጣ ቁጥር እንዲህ ያደርገኛል። ምክንያቱ የቆየ ነው።

ያኔ ሕግ ተምሬ ከተመረቅኩ ዓመት አልሞላኝም። በአዘቦት ቀን ሆሳዕና ውስጥ አንድ ጠበቃ ቢሮ አቤቱታ እጽፋለሁ፤ ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ሬዲዮ ላይ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ጋብቻ፣ ስለ ዋስ እያነሳሁ ለሰው አስረዳለሁ። ጠበቃው "ሰው ከፍሎ የሚሰማውን አንቺ በነፃ ታፈሺዋለሽ" እያሉ ይነጫነጩብኛል። የሬዲዮ ጣቢያው ኃላፊ ደግሞ "አንቀጽ አታብዢ፤ ሰዉ ጎመን እየከተፈ ነው የሚሰማሽ" ይሉኛል። ቢሮ ስቀመጥ ማይክሮፎኑ ይናፍቀኛል፤ ማይክሮፎኑ ፊት ስቀመጥ ዳኛ ከጀርባዬ የቆመ ይመስለኛል። ሁለቱም ጋ ሙሉ ሆኜ ተቀምጬ አላውቅም።

አንድ ነገር ግን ደስ ይለኝ ነበር። አባቴ ቅዳሜ ሲሆን ሬዲዮኑን ይዞ፣ ሺንሺቾ አጠገብ ባለው ሰፈራችን ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ዛፍ ሥር ይቀመጣል። የማኅበረ ምእመናኑ ሽማግሌ ነውና ሰው ያከብረዋል። ሰዓቱ ሲደርስ "ዝም በሉ እስቲ፣ ልጄ ልትናገር ነው" ይላል አሉ። ይህን የነገሩኝ ቀን ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ነበር።

መስቀል ሊገባ የተቃረበበት ሰሞን ነው። የዕለቱ ርዕስ የገጠር መሬት ነበር። ቴክኒሻናችን በድሩ ከመስታወቱ ማዶ ጣቱን አንስቶ ሰው መስመር ላይ እንዳለ አሳየኝ።

"ጤና ይስጥልኝ። ከሺንሺቾ ነው የምደውለው" አለች አንዲት ሴት።

ገና ከመጀመሪያው ቃል ድምፁን አወቅኩት። ኤርጎጌ ናት፣ የሟቹ አጎቴ ሚስት። ዱራሜ ተከራይቼ ስማር ቆጮና አይብ በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ በገበያተኛ የምትልክልኝ እሷ ነበረች። ቤት ውስጥ በከምባትኛ "ልጄ" የምትለኝ ሴት፣ በዚያች ቅዳሜ በአማርኛ "እርስዎ" አለችኝ።

"ባሌ ሞቷል። ያሉኝ ሴቶች ልጆች ናቸው። አሁን የባሌ ወንድም በሬውን መሬታችን ውስጥ አስገብቶ አረሰው። ሴት ልጅ አግብታ ትሄዳለች፣ መሬቱ ለባዳ ይሆናል ይላል። እርስዎ ሕግ ያውቃሉ፤ ይሄ ልክ ነው እንዴ?"

አጎቴ አንድ ወንድም ብቻ ነበረው። እሱም አባቴ ነው።

ሬዲዮ ላይ ዝምታ ረጅም ነው። በድሩ እጁን እያሽከረከረ "ቀጥዪ" ይለኛል። "ጉዳይዎ ሰፊ ስለሆነ ወረዳው ፍትሕ ጽሕፈት ቤት ሄደው ይጠይቁ" የሚል መሸሻ ምላሴ ላይ ነበር። ማንም አይወቅሰኝም ነበር። ነገር ግን የኤርጎጌ ትንፋሽ በጆሮ ማዳመጫው ውስጥ ይሰማኛል።

"ልክ አይደለም" አልኩ። "መሬቱን ከባልዎ ጋር አብራችሁ የያዛችሁት ከሆነ የእርስዎ ድርሻ የእርስዎ ነው። የእሱ ድርሻ ደግሞ የልጆቹ ነው፤ ወንድ ይሁኑ ሴት። ልጆች እያሉ ወንድም አይወርስም።"

"እግዚአብሔር ይስጥልኝ" ብላ ዘጋች።

ሙዚቃ ሲገባ በድሩ "ምነው፣ ላብ አጠመቀሽ እኮ" አለኝ።

"የባሌ ወንድም ያለችው አባቴን ነው።"

ማዳመጫውን ከጆሮው አወረደ። "ያ አላህ! በቃ ለመስቀል አገር ቤት የለም በይኛ።"

አለመሄድ ግን አይቻልም። በእኛ አገር ለመስቀል ያልመጣ ልጅ ወይ ታሟል ወይ ቤተሰቡን ክዷል። ሚኒባሱ ቅቤና ዶሮ በያዘ ሰው ጢም ብሎ፣ በጭቃው እየተንሸራተተ ዱራሜ አደረሰን። እዚያ ቆጮ በጎመን አዝዤ አንድ ጉርሻ እንኳ አልወርድ አለኝ። መኪና ቀይሬ ስወጣ ልመለስ፣ ልቀጥል፣ ልመለስ እያልኩ ሺንሺቾ ደረስኩ።

አባቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ለእርዱ ቢላ በድንጋይ እየሳለ ነበር። ቀና አላለም።

"መጣሽ፣ የሬዲዮ ሰው።"

"መጣሁ፣ አባባ።"

"እሷ መሆኗን አውቀሽ ነበር?"

"አዎ።"

"እኔ መሆኔንስ?"

"አዎ። ሌላ ሰው ቢሆንም ያንኑ ነበር የምለው።"

ቢላውን ድንጋዩ ላይ አቆመው። "እኔ ሌላ ሰው አይደለሁም እኮ" አለ።

ከዚያ በኋላ እስከ እርዱ ቀን አላናገረኝም። ማታ ማታ የእንሰቱ ቅጠል በነፋስ ሲንኮሻኮሽ እየሰማሁ እገላበጣለሁ። በእርዱ ቀን በሬው ታርዶ ሥጋው ከመከፋፈሉ በፊት፣ እንደ ልማዱ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው "ከመካከላችን ቂም የያዘ አለ?" ሲሉ ጠየቁ። ኤርጎጌ ሴት ልጆቿን ይዛ ከአጥሩ አጠገብ ቆማለች። አባቴ ተነሣ።

"በሬዬን አውጥቻለሁ። ያረስኩትንም እሷው ትዝራው" አለ። ትንሽ ቆይቶ ጨመረ፦ "ይሄን ከዳኛ አፍ ብሰማው ግን ይቀለኝ ነበር።"

ወደ እኔ አላየም። ከዚያ ወዲያ ሬዲዮኑን ይዞ ዛፉ ሥር መቀመጡን እንደተወ ሰማሁ። ቤቱ ሆኖ ብቻውን ይከፍተው እንደሆነ ወይም ጨርሶ ትቶት እንደሆነ ለዓመታት ሳብሰለስል ኖርኩ። እሱን ግን አልጠየቅኩትም፤ ሳልጠይቀው ሞተ።

ባለፈው መስቀል ኤርጎጌን ልጠይቃት ሄድኩ። አርጅታለች፤ መሬቱን ልጆቿ ዝንጅብል ተክለውበታል። እስከዚያ ቀን አፌ ላይ ያልመጣውን ጥያቄ ጠየቅኳት።

"ፍርድ ቤት እያለ ለምን ነበር ሬዲዮ ጋ የደወልሽው?"

ሳቀች። "ቀበሌ ሄጃለሁ፤ ሽማግሌም ልኬ ነበር። አባትሽ ማንን ይሰማና! በዚህ ምድር ላይ አንቺ ስትናገሪ ብቻ ነበር ዝም የሚለው።"

አባቴ ለሕግ ያጎነበሰ መስሎኝ፣ በዚያም ተጽናንቼ ነበር የኖርኩት። ለካ ለእኔ ብሎም ሊሆን ይችላል። ለእኔ ከሆነ ደግሞ ያን ቀን ምን ያህል እንደከፈለ፣ እኔም ምን እንዳስከፈልኩት የሚነግረኝ ሰው የለም።